የፖቶማክን ወንዝ ሲሻገሩ የሚለወጠው ሕግ፦ ጋብቻ፣ ፍቺና የልጅ ጉዳይ በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ

አሜሪካ አንድ ወጥ የቤተሰብ ሕግ የላትም። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ የልጅ አሳዳጊነት፣ ቀለብና የንብረት ክፍፍል የሚዳኙት በየስቴቱ ሕግና በየስቴቱ ፍርድ ቤት ነው። የፌዴራል መንግሥቱ በኢሚግሬሽን፣ በግብር፣ በጡረታና በፓስፖርት በኩል ይገባበታል እንጂ ባልና ሚስት አያፋታም። በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሌክሳንድሪያ የሚኖር በቨርጂኒያ ሕግ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር በሜሪላንድ ሕግ ይተዳደራል። ዲሲም ስቴት ባትሆንም በቤተሰብ ጉዳይ የራሷ ሕግና የራሷ ፍርድ ቤት አላት። በአንድ ቀን ሦስቱንም የሚዞር ታክሲ ነጂ ሦስት የቤተሰብ ሕጎችን አቋርጦ ቤቱ ይገባል።

ስለዚህ ወዳጅ ዘመድ "እኔ ስፋታ እንዲህ ነበር" ብሎ የሚሰጥዎት ምክር በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም ሊያሳስት ይችላል። ሰውየው የተፋታው በሌላ ስቴት ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ስቴት ቢሆንም ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተለውጦ ይሆናል። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ፣ ዲሲ ደግሞ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የፍቺ ሕጋቸውን ከመሠረቱ ቀይረዋል። ከዚያ በፊት የተፋታ ሰው የሚያውቀው ሕግ ዛሬ የለም።

መጀመሪያ የትኛው ፍርድ ቤት?

የት ተጋባችሁ የሚለው ጥያቄ ፍቺ የት ይጠየቃል ለሚለው መልስ አይሰጥም። አዲስ አበባ ወይም ካርቱም የተጋቡ ሰዎች ቨርጂኒያ ውስጥ መፋታት ይችላሉ፤ ወሳኙ አሁን የሚኖሩበት ቦታ ነው። በቨርጂኒያ ክሱ ከመቅረቡ በፊት ከሁለቱ አንዱ ቢያንስ 6 ወር በስቴቱ የኖረና ቋሚ መኖሪያውን እዚያ ያደረገ መሆን አለበት። በዲሲም 6 ወር ነው። በሜሪላንድ ለፍቺው ምክንያት የሆነው ነገር የተፈጠረው ከስቴቱ ውጭ ከሆነ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል፤ እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ ከሆነ ግን ክሱ ሲቀርብ በስቴቱ መኖር ይበቃል። ማስረጃው የኪራይ ውል፣ መንጃ ፈቃድ፣ የስቴት ግብር ወረቀትና የመሳሰለው ነው። ቨርጂኒያ እየኖረ የመኪና ኢንሹራንስ ለማርከስ ሲል የሌላ ስቴት አድራሻ የያዘ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ትዳርን የማፍረስ ሥልጣንና ስለ ገንዘብ የመወሰን ሥልጣን የተለያዩ መሆናቸው ነው። ባል ሜሪላንድ፣ ሚስት ደግሞ አሜሪካ ረግጣ የማታውቅ ጎንደር ያለች ብትሆን፣ የሜሪላንድ ፍርድ ቤት ጋብቻውን ሊያፈርስ ይችላል። ነገር ግን ከስቴቱ ጋር ምንም ግንኙነት በሌላት ሴት ላይ የክፍያ ወይም የንብረት ግዴታ ሊጥልባት አይችልም። የፍቺ ወረቀት ተገኘ ማለት ሁሉም ነገር አለቀ ማለት አይደለም።

ጋብቻው በሕግ አለ ወይ?

በተክሊልም ሆነ በኒካህ፣ አሜሪካ ውስጥ ሥርዓቱ ከመፈጸሙ በፊት የጋብቻ ፈቃድ መውጣት አለበት። በቨርጂኒያ ፈቃዱ ሰርኪዩት ኮርት ከሚባለው ፍርድ ቤት ጸሐፊ በ30 ዶላር ይወጣል። የጥበቃ ጊዜ የለውም፣ ለ60 ቀን ይሠራል፣ በስቴቱ ውስጥ በየትኛውም ቦታ ይጋቡበታል። የሚያጋባው ቄስ፣ ፓስተር ወይም ኢማም ግን በቨርጂኒያ ፍርድ ቤት የተፈቀደለት መሆን አለበት። ከሌላ ስቴት የተጋበዘ ካህን ይህን ፈቃድ አስቀድሞ ማውጣቱን መጠየቅ አይርሱ። በሜሪላንድ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ 48 ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው፤ ለ6 ወር ይቆያል፣ የሚሠራው ግን ባወጣው ካውንቲ ውስጥ ብቻ ነው። ከሞንትጎመሪ ካውንቲ ያወጡትን ፈቃድ ይዘው ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ባለ አዳራሽ መጋባት አይቻልም። የዲሲ ፈቃድ ጊዜ አያልፍበትም።

ከሥርዓቱ በኋላ ያጋባው ሰው ፈቃዱን ሞልቶና ፈርሞ ለጸሐፊው መመለስ አለበት፤ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለዚህ የተሰጠው ጊዜ 5 ቀን ነው። ይህ እርምጃ ሲረሳ ከዓመታት በኋላ ለግሪን ካርድ ወይም ለጡረታ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ሲፈለግ መዝገቡ ውስጥ ምንም ነገር አይገኝም። በሠርጉ ማግስት ካህኑን "አባ፣ ወረቀቱ ተመለሰ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ያለ ሥርዓት አብሮ መኖርን በተመለከተ፣ በኢትዮጵያ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎች ኑሯቸው 3 ዓመት ከሞላ በዚያ ጊዜ ያፈሩትን ንብረት የጋራ ያደርገዋል። ብዙ ሰው ይህን አስተሳሰብ ይዞት ይመጣል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ግን አብሮ በመኖር ብቻ የሚፈጠር ጋብቻ አያውቁም፤ 15 ዓመት አብረው ቢኖሩና ሦስት ልጅ ቢወልዱም በንብረት በኩል የባልና የሚስት መብት አይገኝም። ልጆቹ ግን ሙሉ የቀለብ መብት አላቸው። ዲሲ የተለየች ናት። ሁለቱ ሰዎች "ከአሁን ጀምሮ ባልና ሚስት ነን" ብለው በግልጽ ተስማምተው፣ ያንን አምነው አብረው ከኖሩ፣ ወረቀት ባይኖርም ጋብቻ አለ። ዲሲ ውስጥ የተፈጠረውን እንዲህ ያለ ጋብቻ ቨርጂኒያና ሜሪላንድም ይቀበሉታል። "ሰባት ዓመት አብሮ የኖረ እንደተጋባ ይቆጠራል" የሚባለው ወሬ በሦስቱም ቦታ ሐሰት ነው።

ፍቺ፦ ሦስት ቦታ፣ ሦስት ሰዓት

በዲሲ ዛሬ የመለያየት ጊዜ አያስፈልግም። ከሁለቱ አንዱ ብቻ በጋብቻው መቀጠል አልፈልግም ካለ በቂ ምክንያት ነው። በሜሪላንድ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ለ6 ወር ተለያይቶ መኖር ነው፤ እዚህ ላይ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነውም የየራሳቸውን ኑሮ ከኖሩ ይቆጠራል። የቤት ኪራይ እንዲህ በናረበት ጊዜ ይህ ለብዙዎች እፎይታ ነው። ሁለተኛው ሊታረቅ የማይችል አለመግባባት ነው። ሦስተኛው የሁለቱም ስምምነት ሲሆን፣ ስለ ንብረት፣ ስለ ትዳር ጓደኛ ድጎማ (አንዱ ለሌላው የሚከፍለው መተዳደሪያ)፣ ስለ ልጆች አያያዝና ቀለብ ሁሉንም የሚዘጋ በሁለቱ የተፈረመ ጽሑፍ ይፈልጋል። ይህ ካለ የሚጠበቅ ጊዜ የለም። ምንዝርና ጭካኔ የመሳሰሉት ጥፋቶች በሜሪላንድ የፍቺ ምክንያት መሆናቸው ቀርቷል።

ቨርጂኒያ ከሦስቱ ጠንካራዋ ናት። ያለ ጥፋት ለመፋታት ሙሉ 1 ዓመት ተለያይቶ መኖር ያስፈልጋል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ የጋራ ልጅ ከሌለና የተፈረመ የመለያየት ስምምነት ካለ ብቻ ወደ 6 ወር ይወርዳል፤ ሁለቱም መሟላት አለባቸው። ምንዝር፣ ጭካኔ፣ ትዳርን ጥሎ መሄድና ከ1 ዓመት በላይ የሚያሳስር የወንጀል ፍርድ እንደ ጥፋት ምክንያት እስካሁን አሉ። ምንዝር በጠንካራ ማስረጃ ከተረጋገጠ ጥፋተኛውን ወገን፣ ውጤቱ እጅግ ኢፍትሐዊ ካልሆነ በቀር፣ የትዳር ጓደኛ ድጎማ እንዳያገኝ ሊከለክለው ይችላል። ስልክ ላይ የተገኘ የፍቅር መልእክት ብቻውን ይህን አያረጋግጥም።

በቨርጂኒያ መለያየትን የሚያስመዘግቡበት ቢሮ የለም። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ "ይህ መለያየት የመጨረሻ ነው" ብሎ ወስኖ ተለይቶ መኖር ሲጀምር ነው። ቀኑን በኋላ ማስረዳት ስለሚኖርብዎ ውሳኔዎን በዚያው ቀን በቴክስት ወይም በኢሜይል ግልጽ አድርገው ይጻፉ፤ የአዲሱን ቤት ኪራይ ውልም ያስቀምጡ። ሳይነጋገሩ ሻንጣ ይዞ መውጣት ግን "ጥሎ ሄደ" ወይም "ጥላ ሄደች" የሚል ክስ ሊያስከትል ስለሚችል፣ ድብደባ ወይም ማስፈራራት ከሌለ በስተቀር ከመውጣትዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ። ድብደባ ካለ ግን ሕይወት ይቀድማል። የጥበቃ ትእዛዝ (አጥቂው እንዳይቀርብ የሚከለክል የፍርድ ቤት ትእዛዝ) በሦስቱም ቦታ ያለ ክፍያ ይጠየቃል፤ የኢሚግሬሽን ወረቀት አለመኖር ትእዛዙን አያስከለክልም።

ሽማግሌዎች የያዙት ጉዳይ

ሽማግልና በቤተሰብ ጉዳይ ላይ ያለን ትልቅ ሀብት ነው፤ በብዙ ሺህ ዶላር የሚቆጠር የጠበቃ ወጪ ሊያድን ይችላል። ይሁን እንጂ ሽማግሌዎች ያፋቱት ሰው አሜሪካ ውስጥ አልተፋታም። የንስሐ አባት ወይም የመስጊድ ውሳኔም እንዲሁ። በዚያ ተማምኖ ሌላ ያገባ ሰው ሁለተኛው ጋብቻው ዋጋ የለውም።

በተቃራኒው በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት "የሽማግሌ ወረቀት ነው" ተብሎ የሚናቅ አይደለም። በቨርጂኒያ በሁለቱ የተፈረመ ስለ ንብረትና ስለ ድጎማ የሚናገር ጽሑፍ አስገዳጅ ውል ሊሆን ይችላል፤ ኖተሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) አላየውም ማለት ብቻ አያድንም። ለሽማግሌዎች አክብሮት ሲባል ሳያነቡ የፈረሙት ወረቀት ቤትዎን ሊያሳጣዎት ይችላል። ተስማምተው ከሆነ ጽሑፉን "ጠበቃ ካየው በኋላ እንፈርማለን" ብሎ መውሰድ ማንንም አያስቀይምም። በደንብ የተጻፈ የሽማግሌዎች ስምምነት በሜሪላንድ የስምምነት ፍቺ መሠረት ሊሆን ይችላል፤ በቨርጂኒያም ፍርድ ቤቱ በውሳኔው ውስጥ ሊያካትተው ይችላል።

እርቅም የራሱ ውጤት አለው። ስምንት ወር ተለያይተው የቆዩ የቨርጂኒያ ባልና ሚስት በሽማግሌ ታርቀው አንድ ቤት ገብተው ከኖሩ በኋላ እንደገና ቢለያዩ፣ የ1 ዓመቱ ቆጠራ ከዜሮ ይጀምራል። ቀድመው የፈረሙት የመለያየት ስምምነትም፣ "ብንታረቅም ይጸናል" የሚል ቃል በውስጡ ካልተጻፈበት በቀር ይፈርሳል።

ንብረት፦ "በእኔ ስም ነው" የሚለው አያዋጣም

ሦስቱም ቦታዎች ንብረትን የሚያከፋፍሉት "ፍትሐዊ" በሚሉት መንገድ ነው። ፍትሐዊ ማለት እኩል ማለት አይደለም። ካሊፎርኒያ ያለ ዘመድዎ "ግማሽ በግማሽ ነው" ቢልዎት እሱ በሚኖርበት ልክ ነው፤ እዚህ ግን ዳኛው የጋብቻውን ርዝመት፣ የሁለቱን አስተዋጽኦ፣ ዕድሜና ጤና እያየ ይመዝናል። ቤት ውስጥ ልጅ ያሳደገ ሰው ልፋትም እንደ አስተዋጽኦ ይቆጠራል።

በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ነገር በማንም ስም ይሁን በመርህ ደረጃ የጋራ ነው፦ ቤት፣ መኪና፣ በሥራ ቦታ የተጠራቀመ 401ኬ (የጡረታ ቁጠባ)፣ የንግድ ድርሻ፣ ዕዳም ጭምር። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በውርስ ወይም በስጦታ ከሌላ ሰው የመጣ ነገር የግል ነው። የጋራነቱ የሚያበቃበት ቀን ግን ይለያያል። በቨርጂኒያ በመጨረሻው መለያየት ይቆማል፤ በሜሪላንድ እስከ ፍቺው ድረስ ይቀጥላል። ስለዚህ ከተለያዩ በኋላ የገዙት ቤት በአንዱ ወንዝ ዳር የግል፣ በሌላው ዳር የጋራ ሊሆን ይችላል። ሜሪላንድ ሌላም ልዩነት አላት። ዳኛው በአንዱ ስም ብቻ ያለን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለሌላው አያዞርም፤ ሚዛኑን የሚያስተካክለው "ይህን ያህል ገንዘብ ክፈል" በማለት ነው።

ችግር የሚበዛው የግልና የጋራ ሲቀላቀሉ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አንዲት ሴት ከጋብቻ በፊት ያጠራቀመችውን 60,000 ዶላር ለቤት ቅድመ ክፍያ አዋለችው እንበል። በጋብቻው ዘመን ደግሞ ከሁለቱ ደሞዝ ከሞርጌጁ ዋና ብድር 40,000 ዶላር ተከፈለ። ዛሬ ቤቱ ተሸጦ ብድሩ ቢዘጋ 200,000 ዶላር ይተርፋል። ፍርድ ቤቶቹ አዘውትረው በሚጠቀሙበት ስሌት ከገባው 100,000 ውስጥ 60 በመቶው የእሷ የግል ነበርና፣ ከተረፈው 120,000 የግሏ ሆኖ ይወጣል፤ ለክፍፍል የሚቀርበው የጋራ 80,000 ነው። ይህን ለማግኘት ግን ያ 60,000 ከየት ሒሳብ ወጥቶ የት እንደገባ በባንክ ወረቀት ማሳየት አለባት። ወረቀቱ ከሌለ 200,000ው ሁሉ የጋራ ሊሆን ይችላል። ባንኮች የቆየ መዝገብ ለዘለዓለም አያስቀምጡም፤ ቤት የገዙበትን ዘመን ወረቀት ዛሬውኑ አውጥተው ያስቀምጡት።

እቁብም እዚህ ይገባል። በወር 1,000 ዶላር ተጥሎ የወጣ እቁብ የጋራ ገንዘብ ነው። እቁቡ በጥሬ ገንዘብ የሚሄድ በመሆኑ ከሁለቱ አንዱ ሊደብቀው ይሞክራል፤ የሌላው ወገን ጠበቃ ግን በየወሩ ከባንክ የሚወጣውን እኩል ገንዘብ አይቶ "ይህ ወዴት ሄደ?" ብሎ በመሐላ ይጠይቃል። አዲስ አበባ በወንድም ስም የተገዛ ኮንዶሚኒየምም እንዲሁ። የገንዘብ መግለጫ ቅጾቹ የሚሞሉት በመሐላ ሥር ነው። የተደበቀ ንብረት ከተገኘ ዳኛው በሌላውም ነገር ላይ ቃልዎን አያምንም፤ ከንብረቱ የሚበልጠው ጉዳትም ይህ ነው። የአሜሪካ ፍርድ ቤት ኢትዮጵያ ያለን ካርታ በቀጥታ ማዞር አይችልም፤ ነገር ግን ዋጋውን ቆጥሮ እዚህ ባለው ንብረት ሊያካክስ ይችላል። ውሳኔውን ኢትዮጵያ ውስጥ ለማስፈጸም ከተፈለገ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 456 ጀምሮ ባሉት ሁኔታዎች መሠረት እዚያ ላለ ፍርድ ቤት ማመልከት ያስፈልጋል።

የትዳር ጓደኛ ድጎማ

ወንድም ሴትም ሊጠይቀው ይችላል። ቨርጂኒያ ክሱ እየታየ ላለበት ጊዜ ለሚሰጠው ጊዜያዊ ድጎማ መነሻ ቀመር አላት፤ የሁለቱ ድምር የወር ገቢ ከ10,000 ዶላር ያልበለጠ ሲሆን ነው የሚያገለግለው። ልጅ ካለ ከከፋዩ ገቢ 26 በመቶ ላይ የተቀባዩ ገቢ 58 በመቶ ይቀነሳል፤ ልጅ ከሌለ ከከፋዩ 27 በመቶ ላይ የተቀባዩ 50 በመቶ ይቀነሳል። ባል ከግብር በፊት በወር 6,000፣ ሚስት 2,000 ቢያገኙና ልጅ ባይኖር ከ1,620 ላይ 1,000 ተቀንሶ በወር 620 ዶላር ይሆናል። ልጅ ካለ ከ1,560 ላይ 1,160 ተቀንሶ 400 ዶላር ይሆናል፤ የልጁ ቀለብ ለብቻው ይሰላል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ከባድ ስህተት ዝም ማለት ነው። በቨርጂኒያም በሜሪላንድም ፍቺው ከመወሰኑ በፊት ድጎማ ካልጠየቁ፣ በቨርጂኒያ ቢያንስ መብቴ ይጠበቅልኝ ካላሉ፣ በኋላ ተመልሶ መጠየቅ አይቻልም። "ቶሎ ይለቅና ስለ ገንዘቡ በኋላ እንነጋገራለን" የሚል ሐሳብ ከመጣልዎ አይቀበሉት።

ልጆች

የልጅ አሳዳጊነት ሁለት መልክ አለው። አንዱ ስለ ትምህርት፣ ሕክምናና ሃይማኖት የመወሰን መብት ነው፤ ሌላው ልጁ የሚያድርበት ቤት ነው። ዳኛው የሚመዝነው የልጁን ጥቅም እንጂ የወላጆቹን ጥፋት አይደለም። ልጁን ሐኪም ቤት ማን ይወስዳል፣ የአስተማሪውን ስም ማን ያውቃል፣ ከሌላው ወላጅ ጋር እንዲገናኝ ማን ያግዛል የሚሉት ጥያቄዎች ዋጋ አላቸው። በልጁ ፊት ሌላውን ወላጅ ማንቋሸሽ ፍርድ ቤት ውስጥ ይጎዳል።

የትኛው ስቴት ስለ ልጁ ይወስናል የሚለው ሌላ ሚዛን አለው፤ ከፍቺው ጋር አንድ አድርገው አያምታቱት። ሥልጣን ያለው ክሱ ከመቅረቡ በፊት ልጁ በተከታታይ 6 ወር የኖረበት ስቴት ነው። አንዱ ወላጅ ልጁን ይዞ ወደ ሌላ ስቴት ቢሄድ፣ ሌላው ግን እዚያው ከቀረ፣ የቀድሞው ስቴት ልጁ ከወጣ በኋላም ለ6 ወር ሥልጣኑን ይዞ ይቆያል። በሕጉ ዓይን የውጭ አገርም እንደ ስቴት ይቆጠራል። ልጁ ለክረምት ወደ ኢትዮጵያ ተልኮ "ትምህርቱን እዚያ ይቀጥል" ተብሎ ከቀረ፣ እዚህ ያለው ወላጅ የ6 ወሩ ቀን ሳያልፍ ክስ ማቅረብ አለበት። ከዚያ በኋላ ሌላው ወገን "የልጁ አገር ኢትዮጵያ ሆኗል" ብሎ ይከራከራል። ኢትዮጵያ ያለ አግባብ የተወሰዱ ልጆችን ስለመመለስ የወጣው የሄግ ስምምነት አባል አይደለችም፤ አስገድዶ የማስመለሻው ቀጥተኛ መንገድ የለም ማለት ነው።

ስጋት ካለዎት የሚደረገው ልጁ ከመሄዱ በፊት ነው። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርት ለማውጣት በመደበኛው የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱም ለልጁ ፓስፖርት ሲጠየቅ ለወላጅ የሚያሳውቅበት መዝገብ አለው። መዝገቡ የሚጠብቀው ግን የአሜሪካን ፓስፖርት ብቻ ነው። ቀድሞ የወጣ ፓስፖርትንም አይሰርዝም። ስለዚህ "ልጁ ያለ ሁለቱም የጽሑፍ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ፓስፖርቱና ቢጫ ካርዱ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው) በእከሌ እጅ ይቀመጣል" የሚል ግልጽ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል።

ቀለብ በሦስቱም ቦታ የሚሰላው የሁለቱን ወላጆች ገቢ ደምሮ፣ ከስቴቱ ሠንጠረዥ መጠኑን አውጥቶ፣ በገቢያቸው ድርሻ በማካፈል ነው። አንዱ 5,000 ሌላው 3,000 ቢያገኙና ሠንጠረዡ ለልጆቹ 1,600 ቢል፣ የመጀመሪያው ድርሻ 62.5 በመቶ፣ ማለትም 1,000 ዶላር ነው። የጤና ኢንሹራንስና የሕፃናት መዋያ ወጪ ይጨመርበታል። ልጁ ከሁለቱም ጋር ብዙ የሚያድር ከሆነ ሌላ ስሌት ይመጣል፤ በቨርጂኒያ በዓመት ከ90 ቀን በላይ፣ በሜሪላንድ ቢያንስ 25 በመቶ ሌሊት፣ በዲሲ 35 በመቶ ሲሆን። የግል ሥራ ያለው ሰው፣ ለምሳሌ ኡበር የሚነዳ፣ ለግብር ያሳወቀው የተጣራ ገቢ ዝቅተኛ ቢሆንም ዳኛው እያንዳንዱን ወጪ መርምሮ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ቀለብ የሚያበቃበት ዕድሜ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ 18፣ ሁለተኛ ደረጃ ካልጨረሰ እስከ 19 ነው። በዲሲ 21 ነው፤ በዲሲ ትእዛዝ የተጀመረ ቀለብ ቤተሰቡ ወደ ቨርጂኒያ ስለሄደ በ18 አይቆምም።

በዚህ ርዕስ ላይ ደጋግመን የምናስጠነቅቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በጥሬ ገንዘብ በእጅ የሰጡት ወይም ለእናትየው እህት የላኩት ገንዘብ ካልተመዘገበ እንዳልተከፈለ ሊቆጠር ይችላል። ሁለተኛ፣ ሥራ ካጡ ወይም ገቢዎ ከቀነሰ ትእዛዙ በራሱ አይቀንስም። በፌዴራል ሕግ ዳኛ ያለፈን ውዝፍ መሰረዝ አይችልም፤ ሊያሻሽል የሚችለው ማመልከቻው ከቀረበ በኋላ ያለውን ብቻ ነው። በጥር ሥራ ያጣ ሰው በነሐሴ ቢያመለክት የመካከሉን ወራት ሙሉ ቀለብ ይከፍላል። ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ሲያልፍ የአሜሪካ ፓስፖርት ይከለከላል።

ኢትዮጵያ ሄዶ መፋታት

ሁለቱም እዚህ እየኖሩ በውክልና አዲስ አበባ የፍቺ ውሳኔ ማውጣት የተለመደ ነው፤ ርካሽና ፈጣን ስለሚመስል። ችግሩ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶችና ኢሚግሬሽን የውጭ ፍቺን ሲመዝኑ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ በዚያ አገር ይኖር እንደነበር ማየታቸው ነው። ማንም እዚያ ካልኖረ ውሳኔው ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል፤ ሰውየው አዲስ ሚስቱን ለማምጣት ፋይል ሲያስገባ "የመጀመሪያው ጋብቻ አልፈረሰም" ይባላል። ከሁለቱ አንዱ በእርግጥ ኢትዮጵያ የሚኖር ከሆነና ሌላው በወቅቱ ተነግሮት የመከራከር ዕድል ካገኘ ግን ሁኔታው ይለወጣል።

እዚህ ተከሶ ኢትዮጵያ ላለ ሰው መጥሪያ ማድረስም ሥርዓት አለው። አድራሻውን እያወቁ "የት እንዳለ አላውቅም" ብለው በጋዜጣ ጥሪ ማስወጣት በሐሰት መማል ነው፤ ውሳኔውም ከዓመታት በኋላ ሊፈርስ ይችላል። የተለያዩበትን ሰው ስፖንሰር አድርገው አምጥተው ከሆነ ደግሞ ለኢሚግሬሽን የፈረሙት የድጋፍ ቃል በፍቺ አያበቃም። የሚያበቃው ሰውየው ዜግነት ሲያገኝ፣ 40 ሩብ ዓመት የሥራ መዝገብ ሲሞላለት፣ ነዋሪነቱን ትቶ አሜሪካን ለቆ ሲወጣ ወይም ሲሞት ነው።

መጥሪያ ሲደርስዎ፣ ውሳኔም ሲወጣ

መልስ የመስጫው ጊዜ በቨርጂኒያና በዲሲ 21 ቀን፣ በሜሪላንድ ክስ ደግሞ መጥሪያው እዚያው ስቴት ውስጥ ለደረሰው 30 ቀን፣ ከአሜሪካ ውጭ ለደረሰው 90 ቀን ነው። ወረቀቱን አለመቀበል ወይም ማስቀመጥ ክሱን አያስቆመውም፤ በሌሉበት ይወሰናል። ፍርድ ቤቶቹ የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባሉ፤ ቀጠሮው ከመድረሱ ሳምንታት በፊት ጸሐፊውን ይጠይቁ። ልጅዎን ወይም ዘመድዎን እንደ አስተርጓሚ ይዘው አይሂዱ። ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ ከክስ ማቅረቢያ ክፍያ ነፃ ለመሆን የሚሞላ ቅጽ አለ።

ውሳኔው ከወጣ በኋላም የሚቀር ሥራ አለ። ቤቱ ለአንዱ ቢወሰንም የሌላው ስም ከሞርጌጁ አይወጣም፤ ባንኩ የፍቺው ወገን አይደለምና ሪፋይናንስ ካልተደረገ (ብድሩ በአዲስ ብድር ካልተተካ) ክፍያው በተዘለለበት ወር የሌላውም ክሬዲት ይበላሻል። የ401ኬ ክፍፍል ለጡረታ ፈንዱ የሚላክ የተለየ ትእዛዝ ይፈልጋል፤ የፍቺው ውሳኔ ብቻውን አንድ ዶላር አያዘዋውርም። የሥራ ቦታ የሕይወት ኢንሹራንስና ጡረታ ቅጽ ላይ "ተጠቃሚ" ተብሎ የተጻፈው ስም ካልተቀየረ፣ ሰው ሲሞት ገንዘቡ በፌዴራል ሕግ ለዚያው ለተጻፈው ለቀድሞ ባል ወይም ሚስት ሊከፈል ይችላል። ቅጹን ለመቀየር የሰው ኃይል ክፍሉን መጠየቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ የተረጋገጠውን የውሳኔ ግልባጭ እንደተቀበሉ በዚያው ሳምንት ያድርጉት።